ስፌቱን ወይስ ምልክቱን?



ከቁስቋም አቀበት በኩል እየተመላለሰ የሚማር አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አለን። ጠባዩ የታረመ፣ ቁርኣኑንም ከአጋማሽ በላይ የዘለቀ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ይህ ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ከትምህርት ገበታው ቀረ። ብንጠይቅ አያቱ ቤት ተሸሽጎ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ሸማኔ ናቸው። ለድር ክር መግዣ ብለው የሰጡትን ገንዘብ ይዞ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል። ክሩን ሳይገዛ፣ በኋላ ኪሱ ላይ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ የተሰፋበት ጂንስ ሱሪ ይዞ ይመለሳል። ሻጩ «ኦሪጅናል ሊቫይስ ነው፣ ከውጭ የገባ ነው» ብሎ ምሎለታል። ልጁ ሱሪውን አንድ ቀን ለበሰው። በሁለተኛው ቀን ጎንበስ ቢል የኋላ ኪሱ ከነስፌቱ ተገነጠለ። ክሩም የለ፣ ገንዘቡም የለ፣ ሱሪውም የለ። አባቱን ፈርቶ፣ ጓደኞቹን አፍሮ ተሸሸገ።

«ለመሆኑ ምን አስቸኮለህ?» ብንለው አንገቱን ደፍቶ የመለሰልን መልስ ይህን ጽሑፍ አስጻፈን። «ሁሉም ለብሰዋል፤ የሸማኔ ልጅ መሆኔ በኔ ላይ ብቻ ታየ» አለን።

ከዐስር ሶላት በኋላ ልጁን ይዘን አባትየው ዘንድ ሄድን። ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ «ኡስታዝ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብለው ተቀበሉን። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ዱላ ይነሣል ብለን ሰግተን ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እስቲ ሱሪውን አምጣው» አሉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በመጨረሻ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ልጆቻችንን ከአባታቸው ሙያ እስከ ማሳፈር የደረሰው ይህ ሱሪ ከወዴት መጣ? ክብሩንስ ከማን አገኘው?

ሊቫይ ስትራውስ እ.ኤ.አ በ1829 በጀርመን፣ በባቫሪያ ግዛት ቡተንሃይም በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወገኖቹ አይሁዶች ነበሩ። በዚያ ዘመን የባቫሪያ ሕግ የአይሁዶችን መኖሪያና የትዳር ምሥረታ ሳይቀር በቁጥር ይገድብ ነበር። ስለዚህም ብዙዎቹ የሚኖሩት ጨርቃ ጨርቅና ጥቃቅን ሸቀጥ ተሸክመው ከመንደር መንደር በመነገድ ነበር። አባቱ ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1847፣ ሊቫይ ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። እ.ኤ.አ በ1853 የወርቅ ፈላጊዎች ወደ ጎረፉባት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ንግድ ከፈተ። ብዙ ሰው እንደሚያወራው ወርቅ ቆፋሪም፣ ልብስ ሰፊም አልነበረም፤ ነጋዴ ነበር።

ልብስ ሰፊው ሌላ ሰው ነው። ጃኮብ ዴቪስ ይባላል። እሱም ከሪጋ ከተማ የተሰደደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በኔቫዳ ግዛት ሪኖ በምትባል ከተማ ድንኳንና የፈረስ ልብስ እየሰፋ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ በ1870 መጨረሻ ገደማ የአንድ የቀን ሠራተኛ ሚስት ወደ ሱቁ መጣች። ባሏ የገዛው ሱሪ ሁሉ ቶሎ ቶሎ እየተቀደደ አስቸግሯታልና የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት ለመነችው። ዋጋውንም 3 ዶላር አስቀድማ ከፈለች። ዴቪስ ጠንካራ ጨርቅ ቆርጦ ሰፋ። ቀጥሎም ለፈረስ ልብስ ማያያዣ የሚጠቀምባቸውን ትናንሽ የመዳብ ችንካሮች ጠረጴዛው ላይ አያቸውና፣ ሱሪ ብዙ ጊዜ የሚለቅበትን ቦታ፣ የኪሱን ጠርዝና ማዕዘን፣ በችንካር መታው። ሱሪው አልተቀደደም። ወሬውም በሠራተኞች ዘንድ ተዛመተ።

ዴቪስ ሥራው በሌሎች እንዳይወሰድበት ፈለገ፤ የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ ግን ገንዘብ አጠረው። ስለዚህ ጨርቁን ወደሚገዛበት ወደ ሊቫይ ስትራውስ እ.ኤ.አ በ1872 ደብዳቤ ጽፎ ሽርክና ጠየቀ። ግንቦት 20 ቀን 1873 እ.ኤ.አ ቁጥሩ 139121 የሆነው የባለቤትነት መብት በሁለቱ ስም ተሰጠ። እንግዲህ የዛሬው የዓለም ሱሪ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። መነሻው ባሏ የተቸገረባት የአንዲት ድሃ ሴት ልመናና የአንድ ልብስ ሰፊ ጥንቃቄ ነው። ክብሩም የተገኘው ከማይለቀው ስፌት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ስናነብ እኛ የጎንደር ሙስሊሞች አንድ ነገር ትዝ ሊለን ይገባል። እ.ኤ.አ በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እዚሁ ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። አባቶቻችን ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደው ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው፣ በጥንቱ አጠራር እስላም ቤት በሚባለው ሰፈር ሰፈሩ። ርስት የማግኘት መብት አልነበራቸውም። መሬት የተከለከለ ሰው ምን ይሠራል? ግመልና በቅሎ ጭኖ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይነግዳል፣ ወይም ጉድጓድ ቆፍሮ ይሸምናል። የጎንደር ቤተ እስራኤሎችም በተመሳሳይ ምክንያት አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ሆነው ኖረዋል። በባቫሪያ መንደርና በቀሃ ዳር የነበረው ነገር አንድ ዓይነት ነው። መሬት የተነፈገ ሕዝብ በክርና በመርፌ አደረ፤ መሬት የነበረውም ሰው በነሱ ጨርቅ ለብሶ፣ መልሶ በሙያቸው ናቃቸው።

ያ ንቀት እስከ ምን ድረስ እንደ ነበር ለማወቅ አንድ ነገር መጥቀስ ይበቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሸማኔውን፣ አንጥረኛውንና ሌላውን ባለ እጅ የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ የሚያስፈልገው ስድቡ በየአፉ ስለ ነበረ ነው። ተማሪያችን «የሸማኔ ልጅ መሆኔ ታየ» ሲለን የተናገረው የራሱን ቃል ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ከአሮጌው ስድብ የተረፈውን ነው።

ሰማያዊ ጨርቅም ቢሆን ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በ1770 ጎንደር ሲገባ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ተቀምጦ ነበር። እሱ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ በምጽዋ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅና ከህንድ ሱራት የሚመጡ ጨርቆችን ይቆጥራል። ይህ ሊቫይ ስትራውስና ዴቪስ መብታቸውን ከማስመዝገባቸው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ጂንስን ሰማያዊ ያደረገው ኢንዲጎ የተባለው ቀለምም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከህንድ ነው። ከቅጠል ሲወጣ የኖረው ቀለም በፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ በ1897 በጀርመን ነው።

የአሜሪካ ጨርቅም ቢሆን ወደ አገራችን የገባው በጂንስ አይደለም። አያቶቻችን አቡጀዲ የሚሉት ጥጥ ጨርቅ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ነበር። እ.ኤ.አ በ1903 መጨረሻ የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ካስመጡት ምክንያቶች ዋናው ይኸው የጨርቅ ገበያ ነበር። በኋላ የጃፓን ጨርቅ በርካሽ ሲመጣ ገበያው ወደ ጃፓን ዞረ። ልብ በሉ፤ አያቶቻችን አቡጀዲን የገዙት ለጥንካሬውና ለዋጋው ነበር። የተሻለ ሲያገኙ ያለ አንዳች ጸጸት ተዉት። «አቡጀዲ ያልለበሰ ሰው አይደለም» ያለ አልነበረም።

ታዲያ ጂንስ ከአቡጀዲ በምን ተለየ? በምልክቱ ነው። የሊቫይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1886 ሱሪው ወገብ ላይ ሁለት ፈረሶች አንዱን ሱሪ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቱ የሚያሳይ የቆዳ ምልክት መስፋት ጀመረ። በዚያ ዘመን ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ወይም እንግሊዝኛ የማይናገሩ ሠራተኞች ነበሩ። «ባለ ሁለት ፈረሱን ስጠኝ» ይላሉ። ምልክቱም ስለ ስፌቱ የሚመሰክር ነበር፤ ሁለት ፈረስ ቢጎትተው አይቀደድም ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ በ1936 ደግሞ ቀይዋ ቁራጭ ጨርቅ በኋላ ኪስ ላይ መጣች። የቀይዋ ዓላማ ሱሪው የማን መሆኑ ከሩቅ እንዲለይ ነው። ከዚህ ወዲህ ሱሪው ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ በሲኒማ የከብት እረኞች ዘንድ፣ ቀጥሎም በወጣቶች ዘንድ ተዛመተ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ አንዳንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ጂንስ ለብሶ እንዳይገባ ከለከሉ። ክልከላው ፍላጎቱን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ወጣቶች ለአንድ ጂንስ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ያወጡ ነበር። ሱሪው ሥራን ማመልከቱ ቀርቶ ነጻነትን፣ ወጣትነትን፣ «ከነሱ ወገን ነኝ» ባይነትን ማመልከት ጀመረ።

በአገራችንም ስለ ምዕራባውያን ልብስ የተነሣው ክርክር የዛሬ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ልብሶች የፋሽን ትርዒት ሲቀርብ ተማሪዎች ተቃውመው ረብሻ እስከ መነሣት ደርሷል። ተቃዋሚዎቹ ተማሪዎች ራሳቸው ሱሪና ኮት ለባሾች ነበሩ። ስለዚህ «የውጭ ነው» ብሎ መጮኽ ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ያን ጊዜም የታወቀ ነው።

እኛ ሙስሊሞችስ ምን እንላለን? አንዳንድ ወላጆች «ጂንስ የካፊር ልብስ ነው፤ ሐራም ነው» ይሉናል። በዚህ ረገድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የልብስ መሠረቱ መፈቀድ ነው፤ የሚከለከለው በማስረጃ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ እንደተላለፈው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ከሻም የመጣ ጁባ ለብሰው ነበር፤ እጅጌው ጠባብ ስለ ነበረ ለውዱእ እጃቸውን ከሥሩ አውጥተው ታጠቡ። ጠባብ ሆኖ አላስታጥብ ሲላቸው እጃቸውን አወጡ እንጂ «ይህ የባዕድ አገር ነው» ብለው አልጣሉትም። ስለዚህ ጥያቄው ሱሪው ከየት መጣ ሳይሆን ምን ይሸፍናል፣ በልባችን ውስጥስ ምን ያሳድራል የሚል ነው።

ሱረቱል አዕራፍ 26ኛው አንቀጽ የልብስን ጥቅም ሲያስተምረን ሁለት ነገር ያነሣል። አንደኛው ኀፍረተ ገላን መሸፈኑ፣ ሁለተኛው ማስጌጡ ነው። ከሁለቱም በላይ ግን የተቅዋ ልብስ እንደሚበልጥ ያስታውሰናል። ከዚህ ተነሥተን ለወጣቶቻችን እንዲህ እንላለን። ወገቡ ዝቅ ያለ ሱሪ ለብሳችሁ መስጊድ ስትገቡ፣ ሩኩዕና ሱጁድ ላይ ሸሚዛችሁ ወደ ላይ ሲሳብ ከኋላችሁ የሚሰግደው ሰው ምን እንደሚያይ አስቡ። የወንድ ዐውራ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው፤ ይህ በሶላት ውስጥ መገለጡ ቀላል ነገር አይደለም። ወገቡ ከፍ፣ ሸሚዙ ረዘም ይበል። ለእኅቶቻችንም ቢሆን ሰውነትን አጣብቆ ቅርጽን የሚያሳይ ሱሪ ስለ ተሸፈነ ብቻ ሒጃብ አይባልም፤ ከላዩ ሰፊና ረጅም ልብስ ሲደረብበት ግን ከውስጥ የሚለበሰው ጂንስ ከሌላው ሱሪ አይለይም።

ሁለተኛው ነገር ልብ ነው። በሙስሊም ዘገባ እንደሚታወቀው አንድ ሶሓባ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር መውደዱ ኩራት እንደ ሆነ ለማወቅ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቋቸው ነበር። መልሳቸው ውበትን መውደድ በራሱ ኩራት እንዳልሆነ፣ ኩራት ማለት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሱሪ የሚያምረው ልጅ አልበደለም። ምልክት ያለበትን ለብሶ፣ ምልክት የሌለበትን የለበሰውን ጓደኛውን ካሳፈረ ግን ያን ጊዜ በደለ። የዝና ልብስን፣ ማለትም ሰው ዓይን እንዲጥልበት ብቻ የሚለበሰውን ልብስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያስጠነቀቁትም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ልብሱ በምን ዓይነት ሥራ እንደ ተሠራ ማወቅ ነው። ዛሬ አዲስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል ይፋቃል፣ ይቀደዳል፣ ይነጣል። ለዚህ ከተፈጠሩት ዘዴዎች አንዱ አሸዋን በኃይለኛ አየር ጨርቁ ላይ መንፋት ነበር። በሙስሊም አገር በቱርክ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች የአሸዋውን ብናኝ እየሳቡ በማይድን የሳንባ በሽታ አለቁ። የቱርክ መንግሥት እ.ኤ.አ በ2009 ሥራውን ከለከለ። ሊቫይስ ራሱም እ.ኤ.አ በ2010 ዘዴውን ከሥራው እንደሚያስወጣ አስታወቀ። እኛም እንጠይቅ። የድሮ ቆፋሪ ሱሪው የሚነጣውና የሚላላው በላቡ ነበር። ላባችንን ሳናፈስ ላብ ያፈሰሰ ሰው ለመምሰል የሌላ ወጣት ሳንባ ሊከፈልበት ይገባል?

በአገራችንም ቢሆን ታላላቅ የምዕራብ ስሞች የሚሰፉበት ጊዜ መጥቶ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም ሲመረቅ፣ ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒ.ቪ.ኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዋናው ተስፋ ነበር። ቢሾፍቱ ላይም የህንድ ኩባንያ የጂንስ ጨርቅ የሚሸምን ፋብሪካ ተክሏል። እ.ኤ.አ በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት ግን የሐዋሳ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ነበር፣ ይህም ከዓለም የልብስ ሠራተኞች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፈ። ጦርነቱ መጣ፤ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ ዕድሉን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ እንደምታቋርጥ አስታወቀች። ፒ.ቪ.ኤችም ዕገዳው ሥራ ላይ ሳይውል ፋብሪካውን ዘግቶ ሄደ። እነዚያ ሠራተኞች የእኛው እኅቶች ናቸው። የሰፉትን ሱሪ አንዱን ለመግዛት የወር ደመወዛቸው አይበቃቸውም ነበር።

አራተኛው ለነጋዴዎቻችን ነው። ርካሽ ሱሪ መሸጥ ሐላል ነው። ሰልባጁን «ሰልባጅ ነው»፣ አስመስሎ የተሠራውን «አስመስሎ የተሠራ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ከሐሰት ይርቃል። «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መማል ግን ማታለል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥብ ባገኙ ጊዜ ባለቤቱን ምን ብለው እንደ ገሠጹት ሁላችንም ተምረናል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ የከበሩ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ልብስ እንከኑን ሳይናገር በመሸጡ፣ ገንዘቡን በሙሉ ሶደቃ ሰጡት ተብሎ ይተረካል። ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ሰፍቶ የሸማኔን የክር ገንዘብ የወሰደ ነጋዴ በዚህ ሚዛን ራሱን ይመዝን።

አሁን ወደ ቁስቋም እንመለስ።

አባትየው ሱሪውን ተቀበሉና ገለበጡት። ውስጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከተገነጠለው ጠርዝ አንድ ክር ሳቡና ወደ ብርሃን አወጡት፤ ቀጥሎም ሌላ ሳቡ። ልጁን ጠሩት።

«ና እይ። ድሩ ሰማያዊ ነው፣ ማጉ ነጭ ነው። ለዚህ ነው ውጭው የጠቆረ፣ ውስጡ የነጣ። ማጉ ድሩን አንድ ባንድ አይዘለውም፤ ሁለት ሦስት እያለፈ ነው። ይህን ሰያፍ መስመር ያመጣው እሱ ነው።» ሰማያዊውን ክር በጥፍራቸው ፈተሉት፤ ልቡ ነጭ ሆኖ ወጣ። «ቀለሙ ከላይ ነው የያዘው። እየታጠበ የሚነጣው ለዚህ ነው። ይህ ግን ነውር አይደለም፤ ጠባዩ ነው።»

እኛ በዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች ያን ዕለት ያወቅነውን ያህል ስለ ጂንስ አናውቅም ነበር። ልጁም አባቱን እንግዳ ሰው እንዳየ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያቸው ጀመር።

«ጨርቁ ክፉ አይደለም» አሉ ቀጥለው። «የሸመነው ሙያውን ያውቃል። የሰፋው ነው የቸኮለ፤ ወይ አስቸኩለውታል።» ከድር ክራቸው ሦስት ገመዱ፣ በሰም አሹትና ኪሱን በወፍራም መርፌ መልሰው ሰፉት። ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ጃኮብ ዴቪስ ችንካሩን የመታበትን ቦታ ማለት ነው። ስለ ዴቪስ የነገራቸው ግን የለም። ሱሪ የሚለቀው የት እንደ ሆነ ያወቁት በእጃቸው ነው።

ልጁ አፍሮ «አባየ፣ ቀይዋን ልንቀላት?» አላቸው።

«ምን አደረገችህ? ተዋት። አንተ ብቻ አትመናት።»

ቅጣትም አልቀረለትም። የክሩን ገንዘብ ለመተካት ክረምቱን ሙሉ ከትምህርት መልስ ማግ እንዲያጠነጥን ተፈረደበት። ፈተናውን ተፈትኖ አለፈ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ያንኑ ሱሪ ለብሶ መጣ። ነጣ ብሏል፣ ጉልበቱ ላይ ለስልሷል፤ ኪሱ ግን እንዳለ ነው። አንድ ጓደኛው የኪሱን ስፌት አይቶ «የት አሰፋኸው?» ሲለው ሰምተናል።

«አባቴ ነው» አለው።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሱሪ ሲጠይቋችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ስፌቱን አብራችሁ እዩት። ሙያችሁንም አትደብቋቸው፤ ልጅ የሚያፍረው ባላወቀው ነገር ነው። ወጣቶችም ልብስ ስትገዙ ምልክቱን ከማየታችሁ በፊት ኪሱን ጎትቱ፣ ወገቡን ለኩ፣ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ አስቡ። አላህ (ሱ.ወ) ገላችንን በሐላል፣ ልባችንን በተቅዋ ልብስ ይሸፍንልን። የሸማኔዎቻችንንና የልብስ ሰፊዎቻችንን እጅ ይባርክልን። አሚን።